ሞጣ ላይ ያሸነፈን ክሎሪን

ባለፈው ሳምንት፣ ቢቸና በማስተምርበት ክፍል አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ መጽሐፉ ቦንድ ባጠረ ቁጥር ይጠነክራል ይላል፤ ሰንጠረዡ ላይ ግን ፍሎሪን ጋ ሲደርስ እንደዚያ አይደለም» አለችኝ። «ልክ ነሽ» አልኳት። ይህችው ጥያቄ በልጅነቴ አንድ ቀን ሞጣ ላይ፣ ሰው በሞላው አዳራሽ ውስጥ ጉድ አድርጋኛለች።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ኬሚስትሪ የሚያስተምሩን መምህር ስንሻው የሚባሉ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ሁለት አተሞች ኤሌክትሮን ተጋርተው ሲተሳሰሩ በመካከላቸው ያለው ርቀት የቦንዱ ርዝመት እንደሚባል፣ ያን ትስስር ለመበጠስ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ጥንካሬውን እንደሚለካ ያስረዱን ሁለት ልጆች እጅ ለእጅ አያይዘው ነው። «ክንዳቸውን አጥፈው ሲጠጋጉ ማን ይለያያቸዋል? አጭር ቦንድ ጠንካራ ነው፤ ረጅም ቦንድ ደካማ ነው» አሉን። እኔም እንደ ውዳሴ ማርያም ሸመደድኩት።

ታኅሣሥ ላይ ከሞጣ ተማሪዎች ጋር የጥያቄና መልስ ውድድር ተዘጋጀና አራት ሆነን ተመረጥን። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበር። ደብረ ወርቅን ስናልፍ አቧራው በመስኮት እየገባ ጸጉራችንን አሸበተው። ግራና ቀኝ ጤፍ ይታጨዳል፤ የገለባው ሽታ መኪናው ውስጥ ድረስ ይገባል። ርእሰ መምህራችን ከፊት ወንበር ዞር ዞር እያሉ፣ «ቢቸናን እንዳታሰድቡ!» ይሉን ነበር።

እስከ መጨረሻው ጥያቄ እኩል ሄድን። ከዳኞቹ አንዱ ወረቀታቸውን ገልጠው፣ «ከፍሎሪንና ከክሎሪን ሞለኪውል ቦንዱ የሚጠነክረው የትኛው ነው?» ሲሉ ቀድሜ ተነሣሁ።

«ፍሎሪን! ቦንዱ አጭር ስለሆነ።»

«ትክክል!» አሉ ዳኛው። ጓደኞቼ «ውብዓለም!» እያሉ አቀፉኝ። ከሞጣ ልጆች መካከል ግን ሰዓዳ የምትባል ልጅ ብድግ ብላ፣ «ክሎሪን ነው እኮ» አለች። ዳኛው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ፍሎሪን መሆኑን ነግረው ተቀመጪ አሏት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አልተቀመጠችም።

ይኼን ጊዜ አብረውን የመጡት መምህር ስንሻው ከኋላ ተነሡ።

«ይቅርታ ይደረግልኝ» አሉ። «ልጅቷ ልክ ናት። ፍሎሪን ቦንዱ አጭር ነው፤ የሚጠነክረው ግን የክሎሪን ነው። ወረቀቱ ተሳስቷል። ውብዓለምንም ያሳሳትኳት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ብዬ ነው ያስተማርኳት።»

ርእሰ መምህራችን የመምህር ስንሻውን ኮት ጫፍ ይዘው ሲጎትቱ አየሁ፤ እሳቸው ግን ዳኞቹ ተማክረው ነጥቡን ለሞጣ እስኪሰጡ ድረስ ቆመው ጠበቁ። ዋንጫውን ሰዓዳ ወሰደች።

ስንመለስ መምህር ስንሻውን ማንም አላናገራቸውም። እኔ አለቀስኩ። ጉንደ ወይን ስንደርስ ወረዱና የሽምብራ እሸት በእቅፋቸው ይዘው መጡ፤ አጠገቤ ተቀምጠው እየፈለፈሉ ያቀብሉኝ ጀመር። ጣፋጭ ነበር፤ አኩርፌም ቢሆን በላሁ።

«እያወቁ ለምን አላስተማሩንም?» አልኳቸው።

«ረስቼው ነበር፤ ልጅቷ ስትናገር ነው ትዝ ያለኝ። ከክሎሪን ወደ ብሮሚን፣ ከዚያም ወደ አዮዲን ስትሄጂ ቦንዱ እየረዘመ እየላላ ይሄዳል፤ ያልኳችሁ ይሠራል። የፍሎሪን አተም ግን በጣም ትንሽ ነው። ሁለቱ ሲጠጋጉ ያልተጋሯቸው ኤሌክትሮኖች ፊት ለፊት ይገጥሙና ይገፋፋሉ። ጎረቤት መቅረቡ ደግ ነው፤ ጣራ ለጣራ ሲነካካ ግን ጠብ ይመጣል።»

«ታዲያ ዝም ቢሉስ? አሸንፈን ነበር።»

«ዝም ብል እኮ ዕድሜሽን ሙሉ ፍሎሪን ይበልጣል እያልሽ ትኖሪ ነበር» አሉኝ።

ርእሰ መምህሩ እስከ ክረምት ድረስ ሰላምታ ነፈጓቸው። እሳቸው ግን ሰኞ ጧት ክፍል ገብተው ሰሌዳውን አጠፉና ትምህርቱን ከነፍሎሪኑ እንደ አዲስ ጀመሩ።

እኔም መምህርት ሆንኩ፤ ጡረታዬም ቀርቧል። በዚህ ሁሉ ዘመን «ትናንት ያስተማርኳችሁ ስህተት ነበር» ያልኩባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው፤ ሁሌም ይከብደኛል። ያም ሆኖ እኔ የምናገረው በገዛ ክፍሌ፣ በልጆቼ ፊት ነው። እሳቸው የተናገሩት በሰው አገር፣ የራሳቸው ወገን እያጨበጨበ ሳለ ነበር።