ከገዋኔ ወዲያ መሪውን ማን ያዘው?

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... አዋሽ አድሬ ወደ ሰመራ ልነሳ ስል አከራዬ ሐጂ ኑሩ ደወሉልኝ። ሎጊያ የምኖረው እሳቸው ግቢ ነው። እሳቸውም አዋሽ ልጃቸው ጋ ሰንብተው ሊመለሱ ነበር።

«መኪና ገዛህ አሉኝ። ቦታ አለህ?» አሉኝ።

ቦታማ አለኝ። እንዲያውም ስፈልጋቸው ነበር። ሐጂ ጅቡቲ መንገድ ላይ ሠላሳ ዓመት ተሳቢ የነዱ፣ አንድም ቀን መኪና ያልገለበጡ ሰው ናቸው። በቃኝ ያሉት ዓይናቸው ሲደክም ነው። እኔ ደግሞ ሰመራ ቢሮ ወረቀት ሳገላብጥ የምውል፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለት ዓመት ያልሞላኝ ሰው ነኝ። የገዛኋት የቻይና መኪና ግን መስመር እየጠበቀች ራሷ መሪ ታዞራለች። እና እውነቱን ለመናገር... ላሳያቸው ፈልጌ ነበር።

ሐጂ ጋቢና ገቡ፣ «ቢስሚላህ» ብለው ቀበቶ አሰሩ። አዋሽ አርባን እንዳለፍን አንዷን ቁልፍ ተጫንኩና እጄን ከመሪው ላይ አነሳሁ።

ሐጂ እጄን አዩት። መሪውን አዩት። እንደገና እጄን አዩት።

«ልጄ፣ እጅህን አመመህ?»

«አይ ሐጂ፣ ራሷ ናት የምትነዳው። ካሜራ አላት፣ የአስፋልቱን መስመር እያየች ትሄዳለች።»

 ትንሽ ቆይታ መኪናዋ በቻይንኛ አንድ ነገር ተናገረች። በጉልበቴ መሪውን ነካ ሳደርገው ዝም አለች። ይቺን ዘዴ የደረስኩባት ራሴ ነኝ።

«ምን አለች?»

ቻይንኛ አልችልም። ግን በዚያ ሁሉ ጉራ ላይ አላውቅም ማለት ከበደኝ። «መንገዱ ጥሩ ነው አለች» አልኳቸው።

«ይሄ መንገድ?» አሉና በመስኮት ወደ ውጭ አዩ።

እስከ ገዋኔ እንዲህ ሄድን። እሷ ትናገራለች፣ እኔ በጉልበቴ ዝም አሰኛታለሁ፣ ሐጂ ይጠይቃሉ፣ እኔ እተረጉማለሁ። አንዴ «ግመል የለም አለች» አልኩ። አንዴ «ውጭው ሞቃት ነው አለች» ብል ሐጂ «እሱን እንኳ እኔም አውቄዋለሁ» አሉኝ። መሀል ላይ ስልኬን አውጥቼ ስትናገር ቪዲዮ ቀረፅኳት... እጄ ነጻ አይደል።

ከገዋኔ ወዲያ በቅርብ የተጠገነ ቦታ አለ። አስፋልቱ አዲስና ጥቁር ነው፣ መስመር ግን ገና አልተቀባም። ይሄን የማውቀው አሁን ነው። ያኔ ወደ ሐጂ ዞሬ፣ ሹፌር እንቅልፍ ቢወስደው መኪናዋ እንዴት እንደምታድነው እያስረዳኋቸው ነበር።

ለካ ከፊቴ ያለችው አረንጓዴ የመሪ ምልክት ጠፍታለች። መኪናዋ መስመሩን ስታጣ ሥራዋን ለቃለች፣ እኔ ግን አልሰማኋትም። መንገዱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ እኛ ቀጥ ብለን ሄድን። ከፊት ለፊት ጭነት የያዘ ተሳቢ እየመጣ ነው።

እኔ ያየሁት የሐጂን እጅ ነው። ከጎኔ መሪውን ያዙና ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ፍሬን» አሉ፣ እንደ ተራ ወሬ። እግሬ ታዘዛቸው። ተሳቢው ክላክሱን እያስጮኸ በግራዬ ሲያልፍ መስኮቴ ተንቀጠቀጠ። እኛ ከአስፋልቱ ወርደን አሸዋ ውስጥ ቆምን።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ። ቀበቶዬን መፍታት አቃተኝ... እሳቸው ፈቱልኝ።

ተሳቢው ራቅ ብሎ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ፣ ሊሰድበን አፉን ከፍቶ እየመጣ ሐጂን ሲያይ ደረቀ። ሙሳ ይባላል። ድሮ የሐጂ ረዳት ነበር፣ መንዳት ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው።

«ሐጂ... እርስዎ ነበሩ የሚነዱት?»

«አይደለሁም።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ነህ?»

ነኝ ብል ሊመታኝ ነው። አይደለሁም ብል ደግሞ ማን ያምነኛል። ሐጂ ገላገሉኝ።

«እሱም አይደለም። ማንም አልነበረም» አሉ።

ሙሳ ጎንበስ ብሎ የኋላውን ወንበር አየ። ሦስተኛ ሰው ፍለጋ መሆኑ ነው።

አካፋ ሊያመጣ ወደ መኪናው ሲመለስ፣ የቀረፅኳትን ቪዲዮ ቻይና ለተማረ አንድ ጓደኛዬ ላክሁለት። ወዲያው መለሰልኝ። «መሪውን ያዝ ነው የምትልህ። ስንቴ አለች?»

«ከአዋሽ አርባ ጀምሮ» ብዬ ጻፍኩለት።

ሐጂ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። አሁን ትክክለኛውን ተረጎምኩላቸው። ትንሽ አሰቡና «ትዕግሥተኛ ናት» አሉ። «ሙሳን እኔ ከሁለት ጊዜ በላይ አልነግረውም ነበር።»

ጎማው ስር ያለውን አሸዋ ዝቀን፣ ገፍተን አወጣናት። እንደገና ስንነሳ መሪ የምታዞርበትን ቁልፍ ላጠፋው ስል ሐጂ ከለከሉኝ።

«ተዋት፣ ታግዝህ። ረዳት ናት። ረዳት የፈለገ ጎበዝ ቢሆን መሪ አስረክበኸው ወሬ አታወራም። ዓይንህ መንገዱ ላይ፣ እጅህ መሪው ላይ። ያኔ እሷም ትጠቅምሃለች።»

እስከ ሎጊያ በሁለት እጄ ነዳሁ። ላቤ ጀርባዬ ላይ ደርቆ ሸሚዜ ጨው ሠራ። ሐጂ ከሚሌ ጀምሮ ተኙ... ከዚያ በላይ ምስጋና አልጠብቅም።

ማክሰኞ ደወሉልኝ። «ሐሙስ ሰርዶ ሄጄ ልቅሶ መድረስ አለብኝ» አሉ። «አንተም ትመጣለህ፣ ወይስ መኪናዋን ብቻዋን ነው የምትልካት?»

ሁለታችንም እንመጣለን አልኳቸው።