ቤልጅጎች ለምን መጡ?

የመቱዋ ቡና ነጋዴ ከዲጃ ፊደል አልቆጠረችም። የገዢን ሐሳብ ግን ከእጁ ታውቅ ነበር። ቡና የፈለገ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ እጁን ጆንያ ውስጥ ይከታል፣ ፍሬውንም በጥርሱ ይሰብራል። ይህን የማያደርገውን «ወሬ ፈላጊ ነው» ብላ ታሰናብተው ነበር።

ባሏን አባስን ጣሊያኖች ከነበቅሎዎቹ ለጭነት አስገድደው ወደ ሰዮ ጦር ሰፈራቸው ወሰዱት። በ፲፱፻፴፫ ክረምት፣ ሐምሌ ሳይገባ፣ ከኮንጎ የዘመቱ ቤልጅጎች ሰዮን ያዙ፤ ጣሊያኖቹ እጃቸውን ሲሰጡ ጭነኞቹም አብረው ታሰሩ ተባለ። ይፈቱት ይሆን? ከዲጃ እህል አልበላ አላት።

የመቱ ሰው ደግሞ ያላየውን ለማስረዳት ማን ብሎት! ሽማግሌው ጋሼ አራርሳ ቤቷ መጥተው ተቀመጡ።

«ስሚ ልጄ፣ ከመንግሥታት በላይ ዳኛ የለም» አሏት። «ጀርመን የቤልጅግን አገር ወሰደ፤ ጣሊያን የጀርመን ወዳጅ ነው። ስለዚህ ቤልጅግ ሳይቀደም ሊመታ መጣ። ከጣሊያን ጋር ያገኘውን ሁሉ ጠላት ይለዋል። አባስን አይለቁትም፤ ልጆችሽን ይዘሽ ወደ ዳሪሙ ሽሺ።»

ባለሱቁ ሙሉካ ሳቀ። «ጋሼ፣ መንግሥት እኮ ነጋዴ ነው! የመጡት ለቡናችን ነው። እትዬ ከዲጃ፣ ያለዎትን ቡና ጭነው ይሂዱና ባልዎን ያስፈቱ።»

አንዱ ሽሺ፣ አንዱ ሂጂ አላት። ተናደደች። ሁለቱንም ትታ፣ እንደ ወትሮዋ ቡናዋን ጭና፣ በስተ ምዕራብ ወዳለው ቡሬ ገበያ ወረደች፤ የቤልጅግ ስንቅ ገዢዎች እዚያ ደርሰዋል ሲባል ሰምታ ነበር።

ወታደሮቹ ገበያው ውስጥ ገቡ። በቡናው ጆንያ አጠገብ አለፉ፤ አንድም እጅ አልገባበትም። በቆሎ ተራውን ግን ከበቡት። አንዱማ ጥሬውን ቆረጠመው። ከዲጃ አንገታቸውን አየች፤ ቀጥኖ የቀበሮ አንገት አክሏል።

«እነዚህ ለራሳቸውም የሚበሉት የላቸውም» አለች። «ታዲያ እስረኛ በምን ያቆያሉ?»

ቡናዋን እዚያው በበቆሎ ለወጠች። ሦስት በቅሎ ተከራይታ፣ በዝናቡ፣ በጭቃው፣ ሰዮ ገባች። ብትሳሳት ባሏም ቡናዋም መቅረታቸው ነው።

በቆሎው ሲራገፍ የስንቅ ሹሙ ፊት ፈካ። ባሏን እንደምትፈልግ አስተርጓሚው ነገረው። ሹሙ ጭነኞቹ ወደ ታሰሩበት በረት እጁን አወናጨፈ።

«ቤተ ዘመድ የሚያበላው ሁሉ ይሂድ፤ የምናበላው አፍ ይቀንስልናል ይላል» አላት አስተርጓሚው።

አባስ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ ወጣ። ከዲጃ እንዳታለቅስ ምላ ነበር፤ አልሆነላትም። «አልሐምዱሊላህ» እያለች ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

መቱ በገቡ ማግስት ሁለቱ ሰዎች በሯ ላይ ተገናኙ። ክርክሩ እንደ አዲስ ተነሣ፤ ጋሼ አራርሳ ከዘራቸውን መሬት ላይ ይመታሉ፣ ሙሉካ ይጮኻል።

«አንቺው ፍረጂን፤ ልክ ማን ነው?» አሏት።

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አለች ከዲጃ በሹክሹክታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ። «ድምፃችሁን ብቻ ቀንሱልኝ። አባስ ተኝቷል።»