ቤታችንን ፍሉ ሲይዘው

ደብረ ብርሃንን የለቀቅን ምሽት ቤታችን በሸኚ ጢም ብሎ ነበር፤ ግን ሁሉም ጋቢና ካፖርቱን እንደደረበ ነው የተቀመጠው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እማዬ ደግሞ የከሰሉን ምድጃ አንስታ ደጅ አውጥታዋለች፤ በሩንም ወለል አድርጋ ከፍታዋለች።

«ኧረ ልጄ፣ ዛሬ እንኳን ይግባልን!» አሉ አንድ አዛውንት።

የመለሰችላቸው አያቴ ናት፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላት። «ተዋት። እዚህ ቤት ከሰል አይገባም።»

የእማዬ ታናሽ እህት ስንዱ፣ እኔ ሳልወለድ፣ ከሰል አስገብታ በሯን ዘግታ ተኝታ በዚያው ቀርታለች። ይሄን ካላወቃችሁ የኋላው ስለማይገባችሁ ነው ከዚያ የጀመርኩት። አስተማሪዬ «አንቺ እኮ ጸሐፊ ነሽ» ካለችኝ ወዲህ ከየት እንደሚጀመር ማሰብ ደስ ይለኛል!

ዲቪ ደርሶን አትላንታ ገባን። መጀመሪያ ቻምብሊ አፓርታማ ውስጥ ኖርን፣ ቀጥሎ ስማይርና በሚባል ሰፈር አንድ አሮጌ ቤት ገዛን። የዚህ አገር በረዶ እንደኛ አገር ውርጭ ፀሐይ ሲወጣ ብን ብሎ አይጠፋም። ጥዱን እንደ መስታወት ይሸፍነዋል፣ ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ሽቦ ላይ ይወድቃል፣ ከዚያ መብራት የለ፣ ሂተር የለ። ባለፈው ዊንተር የትንሹ ወንድሜ የናቲ ከንፈር እስኪጠቁር በረደን። አባዬ ያኔ «ሁለተኛ ልጆቼን አይበርዳቸውም» ብሎ ማለ።

ሳሎናችን ግድግዳው ውስጥ በጡብ የተሠራ የእሳት ቦታ አለው፤ ፋየርፕሌስ ይሉታል። አባዬ አንድ ቀን በር ያለው፣ እግሩ አጭር፣ ሆዱ እንደ ጉማሬ የተነፋ የብረት ምድጃ ጭኖ መጣ። እንጨት የሚበላ ስቶቭ ነው። እዚያ ውስጥ ሊገጥመው ነው።

«እሳት ቤቴ አታስገባም!» አለች እማዬ።

«ይሄ እኮ ከሰል አይደለም፣ ጭስ ማውጫ አለው።»

«ስንዱም ይገድለኛል ብላ አይደለም የተኛችው።»

እሷን ለማሳመን ሲል የጭስ ማውጫ ባለሙያ ጠራ። ሰውዬው ሲመጣ እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። አባዬ ያን ሳምንት ሳል ይዞታል። ስመለስ ደስ ብሎት ነገረን፦ «ባትሪውን ይዞ ጭስ ማውጫው ውስጥ አንገቱን አስገባ። ሲወጣ አየኝና ‹ዩ ጋት ኤ ባድ ፍሉ› አለኝ። ፊክስ እስኪሆን እንዳታነድ አለኝ። ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው!»

«ሰው ፊክስ ይሆናል እንዴ፣ እንደ ዕቃ ይጠገናል?» አልኩት።

«እዚህ አገር ጥርስም፣ ጎማም ፊክስ ነው የሚሆነው።»

ፍሉ ጉንፋን መሆኑን እማዬም ታውቃለች። «ቤቱንስ ምን አለ?»

«ቤቱን ምንም አላለም።»

ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በማር ጠጣ፣ ጠጣ፣ ሳሉ ለቀቀው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ስቶቩን ገፍቶ አስገባ፣ አጭር ቧንቧ ወደ አሮጌው ጭስ ማውጫ ሽቅብ ሰካበትና ለኮሰው። ሙቀቱ! እግሬን ዘርግቼ ልስቅ ሁሉ ቃጣኝ። እማዬ ብቻ በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች። ናቲ ፎቅ ተኝቷል።

ከዚያ ኮርኒሱ ላይ ያለው የጭስና የጋዝ አላርም ጮኸ።

እማዬ ደረጃውን እንዴት እንደወጣች አላየሁም። የሰማሁት ድምፅዋን ነው። ናቲ አይደለም ያለችው። «ስንዱ! ስንዱ!» እያለች ነበር። ተሸክማው ስትወርድ እጁ ተንጠልጥሏል። ሣሩ ላይ አስተኛችው፤ በባዶ እግራችን ከበብነው። ስንት ጊዜ ስሙን እንደጠራን እግዚአብሔር ይወቅ። በመጨረሻ አስመለሰውና አለቀሰ። እንደዚያ የሚያምር ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደረሱ። ናቲን ኦክስጅን አደረጉለት። አንደኛው ግዙፍ ሰውዬ ቤቱን አይቶ ወጣና አባዬን «ፍሉው ተሰንጥቋል፣ ማንም አልነገረህም?» አለው።

አባዬ የገባችው ያቺው ፍሉ የምትለዋ ቃል ናት። «የስ፣ ቢፎር አይ ሃድ ፍሉ። ናው ኖ ፍሉ። ጂንጀር!» አለ።

ሰውዬው፣ «ሰር፣ ዘ ፍሉ ኢዝ አፕ ዜር» ብሎ በጣቱ ወደ ጣሪያው አሳየው። አባዬ ሰማዩን አየ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ለካ ጭስ ማውጫውም በነሱ ቋንቋ ፍሉ ነው! ያ ባለሙያ የመረመረው አባዬን አልነበረም። የታመመው ቤቱ ነበር፣ መድኃኒቱን የጠጣው አባዬ።

ባለሙያው ተመልሶ መጣ። ከጣሪያው ላይ ረጅም የብረት ቧንቧ እንደ እባብ ቁልቁል ለቀቀ፣ ከስቶቩ አንገት ጋር አገናኘው፣ ዙሪያውን ደፈነ። በዚህ ጊዜ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። እማዬ ከኋላዬ ሆና፣ «በቃል አልፈልግም፣ በእጁ እየነካ ያሳይሽ» ትለኛለች። እሱም እየነካ አሳየኝ፣ አላርሙንም አስጮኸው። እማዬ ራሷ ሁለት ሌላ አላርም ጨመረች።

ስቶቩ ዳግም የነደደ ቀን ናቲ በእማዬ ጭን ላይ ነበር። ማንም አልሳቀም። ሦስታችንም እሳቱን ሳይሆን አላርሙን ነበር የምናየው። ያኔ ስልክ ጠራ፤ ደብረ ብርሃን የቀረችው እማማ ናት።

«ምንድን ነው የሚንጣጣው?» አለች።

«እሳት ነው፣ እማማ» አለች እማዬ።

«ቤት ውስጥ?»

«ቤት ውስጥ።»

«በሩ ክፍት ነው?»

እማዬ የተዘጋውን በር አየችው። «አዎ፣ ክፍት ነው» አለችና ናቲን አቅፋ፣ ስልኩን እንደያዘች ተነስታ ወለል አድርጋ ከፈተችው። ብርዱ ዘው አለ።

እኔ ሄጄ የሁላችንንም ጃኬት አመጣሁ።