እናቴ በቁራኛ የያዘችው ፖሊስ

የራሰ የካኪ ካፖርት ከእሳት አጠገብ ሲደርቅ የራሱ ሽታ አለው፤ እርጥብ በግ ይሸታል፣ ጭስ ይሸታል፣ የሰው ላብም አለበት። ባለፈው ክረምት እዚህ ሞጣ፣ የልጄ ባል ዝናብ ደብድቦት ገብቶ ካፖርቱን ከከሰሉ ምድጃ አጠገብ ወንበር ላይ ሲያሰጣው፣ ያ ሽታ ድንገት መጣብኝና የጀመርሁትን ጨዋታ ትቼ ዝም አልሁ። ልጄ ደንግጣ «አባ፣ ምነው፣ አመመዎ እንዴ?» አለችኝ። «አላመመኝም፣ የአያትሽ ቤት ሸተተኝ» አልኋት። ነገሩን ቁርጥራጩን ሰምታው ኖሮ «እንግዲያ ይጻፉት፣ ስህተቱን እኔ አርምልዎታለሁ» አለች። ፊደል የቆጠርሁት ጢም ካወጣሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፣ እጄም ከእርፍ እንጂ ከእርሳስ ጋር አልተላመደም። ፊደሉን ታርም፤ ነገሩን ግን እንዳታሳምርብኝ ነግሬያታለሁ።

ቤታችን ከቢቸና ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቁልቁለቱን እንደጨረሱ ነበር። አባቴ አያሌው ረጅምና ግትር ሰው ነበር። በሬው አልሄድም ብሎ ሲቆም አባቴም አልሄድም ብሎ እርሻው መሐል ይቀመጥ ነበር፣ መጀመሪያ የሚሰለቸውም በሬው ነበር። እናቴ አንጓች ደግሞ አጭር፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ፈጥና የማትናገር ሴት ነበረች። አባቷ በዘመናቸው የአካባቢው ዳኛ ነበሩና፣ ልጅ ሆና ለባለጉዳዮች ውኃ ስታቀርብ ሙግት ስትሰማ ነው ያደገችው። አባቴ በጉልበቱ የማይጨርሰውን ነገር እሷ ምድጃ ዳር ተቀምጣ በአንድ ቃል ስትጨርሰው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

በጋ ሲሆን፣ እህሉ ተወቅቶ አውድማው ባዶውን ሲቀር፣ እኛ ልጆች ቁራኛ እንጫወት ነበር። አንዱ ከሳሽ፣ አንዱ ተከሳሽ ይሆንና የነጠላችንን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረን፣ እየተጓተትን፣ አንዳንዴም አብረን እየወደቅን፣ ድንጋይ ላይ ወደተቀመጠው «ዳኛ» እንሄድ ነበር። በእናቴ አባት ዘመን ይኸ ጨዋታ ሳይሆን ደንብ ነበር፤ በሕግ አምላክ ተብሎ የተቋጠረ ሰው፣ ጌታም ይሁን ድኃ፣ ቋጠሮውን ዳኛው እስኪፈታለት ድረስ ከከሳሹ ጋር ታስሮ ይሄዳል፣ መንገድ ላይ በጥሶ ቢያመልጥ ከሰው ተራ ይወጣል። እኔ ልጅ ሳለሁ ደንቡ ሄዶ ጨዋታው ብቻ ቀርቶ ነበር።

ከነዚያ በጋዎች በአንዱ ነው ለኪዎች መጥተው መሬት በገመድ ይለካል፣ ግብርም አዲስ ይጣላል የሚል ወሬ የመጣው። ጊዜው የንጉሡ ጊዜ ነው። ለእኛ ሰው የተለካ ርስት የተወሰደ ርስት ነበርና አገሩ ተረበሸ፤ ወንዶቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተሰብስበው ይከራከሩ ጀመር፣ አባቴም «ሊለካኝ የመጣ ሰው መጀመሪያ ቁመቴን ይለካ» እያለ ያስቃቸው ነበር። ጎረቤታችን አያ ቢተው ግን የማይስቅ ሰው ነበርና «ሳቁን ተዉትና ሄደን አቤት እንበል፣ አባቶቻችን እንዳደረጉት» አለ። አባቶቻችን እንዳደረጉት ማለት ድንጋይ በአንገት ተሸክሞ ማለት ነው። ድንጋይ የተሸከመ ሰው «ጥፋት ካለብኝ ቅጡኝ፣ ግን ስሙኝ» እያለ ነው፣ አቤት የተባለው ሹም «ይብቃህ፣ አውርድ» እስኪለው ድረስም አያወርድም።

ግንቦት መግቢያ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ወጡ። እናቴ ጌሾ ልትሸጥ ስትሄድ እኔም ተከትያት ነበርና ከሹሙ ግዛት ቤት ፊት ካለው ሜዳ ዳር ቆመን አየናቸው። ራሳቸውን ገልጠው፣ ጋቢያቸውን ከወገባቸው አሸርጠው፣ እያንዳንዱ ድንጋዩን በአንገቱ ይዞ፣ ቀስ እያሉ መጡ። ከወዲያ ደግሞ ከሌላ አገር በካሚዮን የመጡ ፖሊሶች ተደርድረዋል፣ አዛዣቸው ከከተማ የመጣ ለጋ መቶ አለቃ ነው። እኛ አገር ድንጋይ የተሸከመ ሰው እጁን የሰጠ ሰው ነው፤ እሱ ባደገበት ግን ድንጋይ የያዘ ሰው ሊወረውር ነው የሚመጣው። «ድንጋዩን አስቀምጡ» ብሎ ጮኸ። ማን ያስቀምጣል፤ አቤቱታው ገና አልተሰማም። እንዲያውም ሊንበረከኩ ፈለጉና ሁሉም ባንድ ላይ ጎንበስ አሉ፣ መቶ አለቃው የዚህን ጊዜ ሊወረውሩ ነው ብሎ ተኩስ አለ።

ጥይቱ ወደ ሰማይ ነበር፣ ዱላው ግን ወደ ሰው ነበር። ገበያው ተገለባበጠ፣ እህል ተደፋ፣ ፍየል ሰው ላይ ዘለለ። ሌላው ድንጋዩን ጥሎ ሲሮጥ አባቴ አልጣለም፤ ቆሞ ሲመቱት አየሁ፣ ከነድንጋዩ ሲወድቅም አየሁ። ከዚያ የወደቁትን እያነሡ፣ እጃቸውን እያሰሩ፣ ወደ ካሚዮኑ መጫን ጀመሩ። ያ ካሚዮን ነበር የሚያስፈራው። በሌላ ወረዳ እንዲሁ የተጫኑ ሰዎች የት እንደገቡ ሳይሰማ በጋው አልፎ ነበርና፣ ሴቶቹ የጮኹት ለዱላው አልነበረም፣ ለመኪናው ነበር።

እናቴ አልጮኸችም። ጌሾዋን እዚያው ትታ፣ እኔን በክንዴ ይዛ፣ በሰው መሐል እየተሹለከለከች ሄዳ አባቴን የሚነዳው ፖሊስ አጠገብ ደረሰች። በዕድሜ የገፋ፣ ፂሙ ሽበት የጣለበት አሥር አለቃ ነው። ካፖርቱ ከኋላው ቀበቶ ነበረው፤ የነጠላዋን ጫፍ በዚያ ውስጥ አሳልፋ ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችና በዚያ በዝግታ ድምፅዋ «በሕግ አምላክ፣ በንጉሥ አምላክ፣ ዳኛ ፊት ሳንደርስ የትም እንዳትሄድ» አለችው።

«ሴትዮ፣ ፍቺኝ» አላት ዞሮ ለማየት እየሞከረ።

«ዳኛ ይፍታህ። አንተ ባሌን ይዘሃል፣ እኔ አንተን ይዣለሁ።»

ጓደኛው፣ አንድ ቀጭን ፖሊስ፣ ሳቁ አመለጠው። «ይመር፣ ተዳርህ እኮ። ሚዜ እንኳ ሳትጠራን።»

«ዝም በል አንተ» አለው ይመር፤ እጁን ወደ ኋላው ልኮ ቋጠሮውን ዳሰሰው፣ ግን አልፈታውም። መቶ አለቃው መጥቶ «ምንድን ነው ይኸ? ቁረጠው» አለ።

«ጌታዬ፣ በቁራኛ ይዛኛለች።»

«ምንድን ነው ቁራኛ?»

«እኛም አገር ወሎ አለ። ዳኛ ፊት ሳልቀርብ ከፈታሁት አገሬ ስገባ ሰላም የሚለኝ የለም።»

«አንተ ፖሊስ ነህ ወይስ ባላገር?»

ይመር ትንሽ አሰበና «ሁለቱንም ነኝ፣ ጌታዬ» አለ።

መቶ አለቃው ጩቤ እንደሚፈልግ ሰው ወገቡን ሲዳስስ እናቴ «እርስዎ ይቁረጡት» አለችው። «ነጠላው የእኔ ነው፣ አይቆጨኝም። ካፖርቱ ግን የመንግሥት ነው፣ አብሮ ቢቀደድ እኔን እንዳይጠይቁኝ።» ቀጭኑ ፖሊስ ፊቱን አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሾፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል፣ ዝናቡም ጀምሯል፣ መቶ አለቃውም ከአንዲት ሴት ጋር ሰው ፊት መከራከሩ ሳያሳፍረው አልቀረም። «ሁላችሁም ከዓይኔ ጥፉ» ብሎ ሄደ።

እንዲህ ሆነን ዳኛው ዘንድ ሄድን፦ አባቴ እጁ ታስሮ ከፊት፣ ይመር ከኋላው፣ እናቴ ከይመር ጋር ተቋጥራ፣ እኔ ከእናቴ ኋላ። ደም ከአባቴ ጆሮ እየወረደ ነው፣ ሰው ግን ሲያየን ይስቃል፣ ስቆ ሲያበቃ ያለቅሳል። ዳኛው ሽማግሌ ነበሩና ቋጠሮውን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ማነው ከሳሽ?»

«እኔ» አለች እናቴ።

«ምን ትጠይቂያለሽ?»

«ባሌ የት እንደሚያድር ማወቅ እጠይቃለሁ። ጥፋት ካለበት እዚሁ ቢቸና ይታሰር፣ ስንቁን አመጣለሁ። መኪና ላይ አይጫንብኝ።»

 ዳኛው ቋጠሮውን በገዛ እጃቸው ፈቱና አባቴ እዚያው እንዲታሰር አዘዙ። ካሚዮኑ ያለ እሱ ሄደ። አያ ቢተው ግን ላዩ ላይ ነበር።

ክረምቱ በዚህ ገባ። ስንቅ ይዘን ወደ እስር ቤቱ እንመላለሳለን፣ እርሻችን ግን አረም ለብሶ ቆሞ ነበር። አንድ ቀን ጧት በሐምሌ ጭቃ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በሬውን ጠምዶ በደቦ መጣልን፤ ጠላ እንኳ አልጠመቅንም፣ የጠራቸውም ሰው የለም። ከሁሉ ፊት የመጣችው የአያ ቢተው ሚስት እትዬ ደስታ ነበረች፣ ሁለት በሬዋን በታላቅ ልጇ እያስነዳች። እናቴ «የአንቺ ሳይታረስ?» ብትላት «የኔ ነገ ይታረሳል። ዛሬ ያንቺ ነው» አለቻት። ጤፉ በወቅቱ ተዘራ። የዚያን ዓመት ሳልራብ የቀረሁት በዚያች ቀን ሥራ ነው።

ይመር የመጣውም በዚያ ክረምት ነው። ውኃ እየተንጠባጠበበት ደጃፍ ቆሞ «አያሌው ደህና ነው፣ ቁስሉ ደርቋል። ደጀን በኩል ልዛወር ነውና ሳልነግርሽ እንዳልሄድ ብዬ ነው» አለ። እናቴ ግባም አላለችው፣ ሂድም አላለችው፤ እጇን ዘርግታ ካፖርቱን ተቀበለችውና ከእሳቱ አጠገብ ሰቀለችው፣ ቤቱም በዚያ ሽታ ተሞላ። የተጠበሰ ባቄላ ሰጠችው። በላ፣ አመሰገነ፣ ቆይቶም እሳቱን እያየ «እህቴ፣ ድንጋዩን ለምን እንደተሸከሙት አውቅ ነበር» አላት። «መቶ አለቃው አላወቀም፣ እኔ አውቅ ነበር። ባልሽን የመታሁት እኔ ነኝ። ትእዛዝ ነው አልሁና መታሁ።»

 እናቴ ተነሥታ ካፖርቱን በሌላ በኩል እንዲደርቅ ገለበጠችለት። እኔ በዚያን ጊዜ ለምን እንደማታባርረው አልገባኝም ነበር፣ ጉንጬን ነፍቼ ጥግ ይዤ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ምሕረት ወጣ ተብሎ የታሰሩት ተፈቱ፣ ለኪዎቹም ገመዳቸውን ጠቅልለው ሄዱ። አባቴ ከስቶ፣ ግራ ትከሻው ጎብጦ መጣ፤ ግትርነቱ ግን ደህና ነበር። ይመር እቤት መግባቱን ሲሰማ «የመታኝን ሰው ካፖርት አደረቅሽ?» ብሎ ተቆጣ።

«አደረቅሁ።»

«እሱ እንደመታኝ ታውቂያለሽ?»

«ነግሮኛል። ዳኛ ዘንድም ያደረሰህ እሱ ነው። አንዱን ስትቆጥር ሌላውንም ቁጠር።»

አባቴ ለሁለት ቀን አኩርፎ፣ በሦስተኛው ቀን እርሻውን ሊያይ ወጣና በሰው እጅ የተዘራውን፣ ጉልበት የደረሰውን ጤፍ አይቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ስለ ይመር ክፉ ሲናገር አልሰማሁትም። አያ ቢተው ግን አልመጣም። ከካሚዮኑ ሰዎች ብዙዎቹ እያነከሱ፣ እያሳሉ ተመለሱ፣ እሱ የት እንደቀረ የሚነግረን አላገኘንም። አባቴ በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ የእትዬ ደስታ ክምር ሳይወቃ የራሱን አልወቃም ብሎ ኖረ፤ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጥሎ የእኛ ክምር የበሰበሰበት ዓመት እንኳ ነበር፣ እናቴም ለዚያ አንድ ቀን አልወቀሰችውም።

ዛሬ በሞጣ ጎረቤቴ ወይዘሮ ሰዒዳ ናት። ልጇ ከማል የተማረ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ እኔን ባየ ቁጥር ዱላዬን የሚያቀብለኝ። ከጓደኞቹ ጋር ሰልፍ ወጥቶ፣ ፖሊስ ሰልፉን ሲበትን ተይዞ ሄደ። የያዙት ፊታቸው የተሸፈነ ነው አሏት ያዩት ልጆች። እዚህ ስትጠይቅ እዚያ ጠይቂ ይሏታል፣ እዚያ ስትጠይቅ እኛ ጋ የለም ይሏታል። እግሬ እንቢ ቢለኝም አብሬያት እሄዳለሁ፣ ከፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጠን እንውላለን። «አባ፣ እርስዎ ለምን ይደክማሉ?» ትለኛለች። «እቤት ስቀመጥ ነው የሚደክመኝ» እላታለሁ።

ያኔም ዱላ ነበረ፣ ያኔም የወጣ የቀረ ነበረ፤ ድሮ ደግ ነበር ብዬ እትዬ ደስታን አልክዳትም። ግን እናቴ የያዘችው ሰው ፊት ነበረው፣ ስምም ነበረው፣ ሄዶ የሚያፍርበት አገርም ነበረው። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሮ፣ ከሁላችንም ጋር ተጨቃጭቆ፣ በገዛ አልጋው ላይ ሞተ፤ እጁን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። የተቀበረበትን አውቀዋለሁ፣ ፋሲካ ሲሆን ሄጄ ሣሩን አጭጄ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ይኸ ለአንድ ልጅ ትልቅ ነገር መሆኑን የተረዳሁት አሁን፣ ከወይዘሮ ሰዒዳ ጎን ስቀመጥ ነው።