ያልተነሳችው መርፌ

ቧንቧ ሠራተኛውን ሰፈሩ ሁሉ «ጠብታ» ነው የሚለው። ሰውዬው ተጋብዞ ሄዶ እንኳ ከወጥ ቤት ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ከሰማ ምግቡ አይወርድለትም፤ ተነስቶ ካላጠበቀ አይቀመጥም። «ኧረ ተው፣ ብላ!» ቢሉት ወይ ፍንክች! ለሰው ቤት እንዲህ ነው። የራሱ መኪና ስታንጠባጥብ ግን ዛሬ ነገ እያለ ዝም አላት።

መኪናዋ በዕድሜ ትዳሩን ትበልጣለች። ከአባቱ የወረሳት፣ በሯን ለመዝጋት ትከሻ የምትጠይቅ አሮጊት ናት። የሚያንጠባጥበው የሞተሩን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ነበር፤ ሞተሩ ላይ እንደ ብሎን የሚጠብቅ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ነገር። እሱ የለካውን ከመሪው ፊት ያለችው መርፌ ትናገራለች።

አምና ሚስቱን ይዞ ወደ ልጃቸው ቤት ዳገቱን ሲወጣ፣ የሞተሩ ውሃ በዚያ ሴንሰር ሥር ተንጠባጥቦ አልቆ ኖሮ መርፌዋ ወደ ቀዩ ተጠጋች።

«ምን ሆነች?» አለች ሚስቱ።

«ምንም» አለና እጁን እንደዋዛ ዳሽቦርዱ ላይ ጣል አድርጎ መርፌዋን ሸፈናት።

ከዚያማ ምን ይጠየቃል! እንፋሎቱ ቡልቅ አለ፣ መኪናዋ ቀጥ አለች፣ ሴትዮዋ ሻንጣዋን ታቅፋ መንገድ ዳር ቆመች። ሞተሩስ በተአምር ተረፈ። ያን ቀን ያለችው ነገር ግን እስከ ዛሬ ይከነክነዋል። «መኪናህ አይደለችም ያናደደችኝ፤ እጅህ ነው።» ከዚያ ወዲህ ልጇ ጋ የምትሄደው ብቻዋን፣ በአውቶቡስ ነው።

ዘንድሮ ልጃቸው ወለደች። የመጀመሪያ የልጅ ልጅ! ጠብታ ከሚስቱ ጋር ጎን ለጎን ቆሞ ያንን በር ማንኳኳት አማረው። ለመነ፣ አስለመነ። በመጨረሻ «እሺ፣ መጀመሪያ ሠርተህ አሳየኝ» አለችው።

ሠራት። ሴንሰሩን ፈታና ልክ እንደ ቧንቧ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን፣ ያንን ውሃ የሚያግድ ነጭ የፕላስቲክ ጥብጣብ፣ ጠመጠመበት። አንድ ዙር አላረካውም፤ ደገመ፣ ጨመረ፣ ጥርሱ እስኪጠፋ ድረስ አለበሰው። አጠበቀ፣ ውሃ ሞላ፣ ሞተሩን አስነስቶ ከሥር ካርቶን አነጠፈ። ሞተሩ ሲሠራ፣ ሲሠራ ቆየ፤ ካርቶኑ ላይ አንዲት ነጥብ የለችም።

«ነይ እይ!» ብሎ ተጣራ።

ሚስቱ ጎንበስ ብላ ካርቶኑን በጣቷ ዳሰሰች። «እሰይ! እጅህ ይባረክ» አለች። ያው እጅ! ሰውዬው ከደስታው ብዛት የሚያደርገውን አጣ።

ሻንጣዋን አምጥታ ገባች፣ መስታወቱን ወደ ራሷ አዙራ ሻርፗን አስተካከለች። እሱም ከጎኗ ሲቀመጥ ገና ያኔ ዓይኑ መርፌዋ ላይ አረፈ። የቧንቧ ሰው አይደል፣ እስካሁን ሥር ሥሩን እንጂ ላይ ላዩን መች አየ! ኮፈኑ እጅ እያቃጠለ፣ መርፌዋ ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ ጋደም ብላለች። ንቅንቅ የለም።

«ጓሮ የረሳሁት ነገር አለ» ብሎ ወረደና ከቤቱ ጀርባ ሆኖ የሰፈሩ መካኒክ ጋ ደውሎ መርፌዋ እንዳልተነሳች ነገረው።

«ጋሼ፣ ቴፍሎን ጠምጥመህበት እንዳይሆን?» አለ መካኒኩ።

«ታዲያስ! አሳምሬ ነዋ!»

መካኒኩ ሳቁን ለቀቀው። «ወይ የቧንቧ ሰው! የዚያች መኪና ሴንሰር ባለ አንድ ሽቦ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው በጥርሱ በኩል፣ ብረት ከብረት ሲነካካ ነው። አንተ ብርድ ልብስ አለበስከው! አሁን ሞተሩ ቢነድ እንኳ መርፌዋ አትነግርህም።»

«ምን ይሻላል ታዲያ?»

«ቴፍሎኑን ላጥና የመዳብ ዋሸር አድርግለት፤ ቀለበቷ ውሃውን ታግዳለች፣ ኤሌክትሪኩንም ታሳልፋለች። ደግሞ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ እንዳትፈታው፣ ይቀቅልሃል! ከቸኮልክ ግን ዝም ብለህ ንዳት። ውሃው እንደሆነ አይፈስም፤ ማን ያውቅብሃል?»

እውነትም ማን ያውቅበታል? ውሃው ሙሉ ነው። ሴትዮዋም ከስንት ጊዜ በኋላ ገና ዛሬ እሺ ብላ ተቀምጣለች። ቢነግራት ደግሞ ያውቃታል፤ ሻንጣዋን አንስታ ወደ አውቶቡሷ ነው። ቧንቧ ፈንድቶ ቤት ሲያጥለቀልቅ ደንገጥ የማይል ሰውዬ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ጓሮውን ሁለት ጊዜ ዞረ።

ተመልሶ ገባ። እጁ እንደ ልማዱ ወደ ዳሽቦርዱ ሄደ፤ ሄዶም በአንድ ጣት መርፌዋን ጠቆመ።

«እናቷ፣ ይቺን እያት» አላት። «መነሳት ነበረባት፣ አልተነሳችም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቴፍሎን አበዛሁና አሳወርኳት። መካኒኩ መሄድ ትችላለህ ብሎኛል። ግን መንገድ ላይ ብትግል አናውቅም።»

ሚስቱ መርፌዋን አየች፣ ጣቱን አየች። ሻንጣዋን ይዛ ወረደች።

ጠብታ ሞተሩን አጥፍቶ መሪውን እንደያዘ ቀረ። «በቃ፣ ሄደች» አለ ለራሱ።

የግቢው በር ግን አልተከፈተም። ይልቅ ከቤት ውስጥ ወንበር ሲጎተት ተሰማ፣ ከዚያም የሚስቱ ድምፅ። ስልኩን በትከሻዋ ይዛ፣ ሁለት በርጩማ እየጎተተች ብቅ አለች።

«አዎ ልጄ፣ እንዘገያለን። አይ፣ መኪናዋ ምንም አልሆነችም... ኧረ ሆናለች! አባትሽ አበላሽቷት እየሠራት ነው። አብረን ነን፣ አዎ።»

በርጩማዎቹን መኪናዋ ፊት አስቀምጣ በአንዱ ላይ ተቀመጠች። «ምን ትጎለታለህ? ኮፈኑን ክፈተውና ይቀዝቅዝ!»

ሲቀዘቅዝ ፈታው። ቴፍሎኑን እሷ በጥፍሯ ላጠችው፤ የመዳብ ዋሸሩ ከራሱ የዕቃ ሳጥን ተገኘ። መልሶ አጠበቀው፣ የጎደለውን ውሃ ሞላ። ሞተሩ ተነስቶ ሞቅ ሲል ካርቶኑ ደረቅ እንደሆነ፣ መርፌዋ ቀስ እያለች ተነሳችና መሀል ላይ ቆመች።

ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ሚስቱ ወደ እሱ ጠጋ አለች።

«በል ሁለቱንም እጅህን መሪው ላይ አድርግ» አለችው። «መርፌዋን እኔ አያታለሁ።»