የሙከራው ስም

ከካቻምና ጀምሮ መካነ ኢየሱስ ከተማ ወዳለው የውብነሽ ኮምፒውተር ቤት የሚመላለስ አንድ ሰው የቁልፍ ሰሌዳውን እንደ ደመኛ ነው የሚደበድበው። የኮቱ ግራ እጅጌ እሳት የበላው ነው፤ ከዚያው እጁም ሁለት ጣት ጎድሏል። ለጤና ጣቢያዎች የሕፃናት መመዝገቢያ ገጽ ይሠራል። ገጹ አልከፈት ሲለው ጠረጴዛውን በቡጢ ይነርታል።

ዛሬም ሲነርተው ውብነሽ በረገገች። «ኧረ ጋሼ፣ ምን አደረገዎ?»

«ገጹ ላይ የጻፍኩት ኢንተርፌሱን ነው። እሱ ምን እንደሚሠራ የሚናገር ውል ብቻ ነው እህቴ፣ ሥራውን የሚሠራ አካል የለውም። አካል የሚሰጠው ፋብሪካ የምንለው የፕሮግራሙ ክፍል ነው፤ እሱን መጥራት ነበረብኝ።»

አስተካክሎ ሲከፍተው፣ ሁልጊዜ ለሙከራ የሚጽፈው ስም ብቅ አለ፦ ታንጉት፣ ዕድሜ ስድስት።

ውብነሽ ሳቀች። «ይቺ ልጅ ካቻምናም ስድስት፣ አምናም ስድስት! አታድግም እንዴ?»

የሰውየው ቡጢ እስክሪኑ መሀል አረፈ። መስታወቱ ተሰነጣጠቀ፤ ደሙ ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ። ሰውየው እጁን እንኳ ሳያይ ፍላሹን ነቅሎ ወደ ሌላው ኮምፒውተር ዞረና ገጹን እንደገና ከፈተ። ደም ባረጠበው ጣቱ በእሳት ያጣትን የልጁን ስም ጻፈ። ዕድሜዋ ላይ ሲደርስ ቀስ ብሎ፣ እንዳያማት የሚሳሳላት ይመስል፣ ያችኑ ቁጥር ነካት። ስድስት።