ወንድሜ በገሃነም ሥዕል ላይ

ጎሮ ገና የጤፍ ማሳ ሳለ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ማዶ የምንሳለማት ቤተ ክርስቲያን በምዕራቡ ግድግዳዋ ላይ የገሃነም ሥዕል ነበራት። በልጅነቴ ከእሳቱ ይልቅ ያስፈራኝ የነበረው የአጋንንቱ ፊት ነው። ሁሉም በጎን የተሣሉ፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ የሚታይ ነበሩ። በድሮው አሣሣል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ ከነሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ኃጥእና ሰይጣን በጎን። ይህን ማንም አላስተማረንም፤ እያየነው ስላደግን እናውቀዋለን። ኋላ በሲኒማም በቴሌቪዥንም ብዙ ዓይነት ገሃነም አይቻለሁ። ቀንድም ጭስም አይጎድላቸውም፤ ግን ሰይጣኖቻቸው ፊታቸውን አዙረው ስለሚያዩን ይሆናል፣ እምብዛም አላስፈሩኝም።

ታላቅ ወንድሜ በምሥራቁ ጦርነት ሞተ። ሬሳው አልመጣም። ከመዝመቱ በፊት የቀበሌው የውይይት ክበብ ይሄድ ነበር፤ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «እማዬ፣ ገሃነም የሚባለው እኮ ድሃ ማስፈራሪያ ተረት ነው» አላት። እናቴ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችው። መርዶው ከመጣ በኋላ ያቺ ንግግር ከሞቱ እኩል ታስጨንቃት ጀመር። ፍትሐቱም ተዝካሩም አላሳረፋት።

የገሃነሙን ሥዕል የዝናብ ፍሳሽ አበላሽቶት ስለነበር በሸራ አሠርታ ልትሰጥ ብፅዓት ገባች። ሥዕል ያሠራ ሰው የራሱን ወይም የሟቹን ምስል ከግርጌ ማስገባቱ የቆየ ልማድ ነው። እናቴ የፈለገችው ወንድሜ እሳቱ ዳር ቆሞ፣ መልአኩ እጁን ይዞ ሲያወጣው እንዲታይ ነበር።

የተገኘው ሠዓሊ ለአብዮት በዓል የመሪዎችን ምስል በትልልቅ ጨርቅ ላይ የሚሥል ሰው ነው። ከወንድሜ የቀረን ፎቶ፣ ሊዘምት ሲል የጭነት መኪና ላይ ሆኖ ወደ ጎን እያየ የተነሳው ብቻ ነበር። እሱን ሰጠነው።

ሸራው ተለጥፎ መጋረጃው የተገለጠ ዕለት ሴቶቹ ከኋላችን ተንሾካሾኩ።

«ውይ፣ ልጁንም ከነሱ ጋር ደመሩት?»

«ዝም በይ፣ እናቱ አለች።»

ወንድሜ እንደ ፎቶው በጎን ተሥሏል። መልአኩ እጁን ይዞታል፤ ዓይኑ ግን አንድ ነው፣ እንደ አጋንንቱ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ቅዳሴውን የምትሰማው ከአጥሩ ውጭ ቆማ ሆነ። «ግቢ እንጂ» ስላት፣ «እዚህም ይሰማል» ትለኛለች።

ሠዓሊውን ሄጄ አመጣሁት።

«ምን አጠፋሁ እህቴ? በጎን መሣል እኮ ክብር ነው። አደባባይ ላይ የምሥላቸው ባለ ጢሞቹ መሪዎች ሁሉ በጎን አይደሉም እንዴ? ወደፊት የሚያይ ሰው ማለት ነው።»

«እዚያ ይሁን። እዚህ ግን ከእነማን ጋር እንዳቆምከው እይ።»

አጋንንቱን ከአሮጌው ሥዕል እንዳሉ ነበር የገለበጣቸው። አንድ በአንድ ተመለከታቸው።

«ወይ ጉዴ!» አለ። «ሁሉም እንደሱ ናቸው።»

ብሩሹን አወጣና የወንድሜን ፊት ለማዞር ተዘጋጀ። «ሌላኛው ዓይኑ እንዴት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። አብሬው ያደግኩት ልጅ ነው፤ ዓይኑን ግን በቃል መግለጽ አቃተኝ።

«አንቺን ይመስል ነበር?»

«ይሉ ነበር።»

መስኮቱ አጠገብ አቆመኝ። እሱ ሲሥል እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ እናቴን ይዤያት ሄድኩ። ከቅዳሴ ሰዓት ውጭ ስለነበር ማንም አልነበረም። ወደ ሸራው ተጠግታ ቆመች፤ ቆይታዋ ረዘመብኝ።

«ይሄ ያንቺ ዓይን ነው» አለች።

ተመልሳ የምትወጣ መሰለኝ።

«ይሁን» አለች። «ሁለት ነው።»

ግድግዳውን ተሳለመች። ከዚያ በሴቶች በኩል ወደ ድሮ ቦታዋ ሄዳ ቆመች።